ያልተሸጠ ልብስን ወደ አዲስ ዲዛይን መቀየር፦ መጀመሪያ «ለምን ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ሽሮ ሜዳ ብትወጡ ለበዓሉ የተሰፋ፣ ግን ገዢ ያላገኘ ቀሚስ በየሱቁ ተሰቅሎ ታያላችሁ። መርካቶም ያው ነው። እዚያ የሚከመረው ሸሚዝ፣ ጂንስና ቲሸርት ነው። ባለሱቁ ገንዘቡ ታስሮበታል። ኪራዩ ግን ወር ጠብቆ ይመጣል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእነዚህ ባለሱቆች፣ ለልብስ ሰፊዎችና ገና ለሚጀምሩ ዲዛይነሮች ነው። ትንሽ ስፌት ቤት አለኝ። ባለፉት ዓመታት ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ በጣም የምወደው የቀረ ስቶክን ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። አንዳንዶች አፕሳይክሊንግ ይሉታል። ስሙ ምንም ይሁን፣ ሥራው የራሱ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን ካልያዛችሁ የቀረውን ልብስ ሌላ የሚቀር ልብስ ታደርጉታላችሁ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። ያልተሸጠ ስቶክ ከሰልባጅ ይለያል። ሰልባጅ ላይ እያንዳንዱ ልብስ ለብቻው ነው፤ ቅዱም ጨርቁም ይለያያል። የቀረ ስቶክ ግን ተመሳሳይ ነው። ሃምሳ ሸሚዝ ካላችሁ ሃምሳውም ኪሱ እዚያው ቦታ ነው፣ በቁልፎቹ መካከል ያለው ርቀትም እኩል ነው። አንዴ ያወጣችሁት ቅድ ለሁሉም ይሠራል። ትልቁ ሀብታችሁ ይሄ ነው። እያንዳንዱን ሸሚዝ ልዩ ለማድረግ መድከም ይህን ሀብት መጣል ነው።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዙ ውድ ልብስ አምራች በርበሪ በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ 28.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ያልተሸጠ ዕቃ ማጥፋቱ ሲታወቅ ብዙ ሰው ተቆጣ። በዚያው ዓመት ድርጅቱ ድርጊቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ፈረንሳይ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ያልተሸጠ ልብስ ማውደምን በሕግ ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2024 ባወጣው ደንብ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ትልልቅ ኩባንያዎች ያልተሸጠ ልብስና ጫማ እንዳያወድሙ ወስኗል። አውሮፓ ውስጥ ስፌት የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ቢያስቡበት ደግ ነው። ያ ሁሉ ልብስ መሄጃ ይፈልጋል።

1. ቆጠራና የቀረበት ምክንያት

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዲዛይን ነው። ስልኩ ላይ አንድ ፎቶ ያያል፤ ከዚያ መቀስ ያነሳል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ አድርጌ ጥሩ ጥሩ ጨርቅ አበላሽቻለሁ። አሁን መቀስ ሳልነካ አንድ ሙሉ ቀን ለቆጠራ እሰጣለሁ።

ልብሱን ሁሉ ወለል ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፋችሁ ዘርግፉት። ወፍራም ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ ዓይነት ብዛቱን፣ ቁጥሩን፣ ቀለሙን፣ የጨርቁን ዓይነት ጻፉ። ከዚያ አንድ ተጨማሪ ዓምድ አስምሩ። «ለምን ቀረ?» በሉት። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሥራ ሁሉ የሚመራው ይህ ዓምድ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ቁጥሩ። መካከለኞቹ ተሸጠው በጣም ትንሹና በጣም ትልቁ ይቀራል። ጨርቁም ስፌቱም ምንም አልሆነም። ትልቁ ለመቀየር በጣም ይመቻል፤ ምክንያቱም ብዙ ጨርቅ አለው። ትንሹን ለብቻው ወደ ሌላ ልብስ ለመቀየር አትሞክሩ። ለማስፊያ፣ ለኪስ፣ ለኮሌታ ተጠቀሙበት።

ፋሽኑ ማለፉ። እግሩ የተጣበቀ ጂንስ፣ ወገቡ ዝቅ ያለ ሱሪ፣ ትከሻው የተነፋ ኮት። እዚህ ላይ ጥፋቱ ያለው ቅዱ ላይ ነው። ስለዚህ ቀለም ብትቀይሩ፣ ጥልፍ ብትጨምሩ ዋጋ የለውም። ቅዱን ራሱን መንካት አለባችሁ።

ቀለሙ። ቅዱ ጥሩ ሆኖ ቀለሙ ያልተወደደ ልብስ አለ። እንዲህ ያለውን መፍታት ድካም ነው። ማቅለም ወይም ከሌላ ቀለም ጋር ማጣመር ይበቃል።

ወቅቱ። የበዓል ቀሚስ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ከነዓመተ ምሕረቱ የታተመበት ቲሸርት፣ የተመራቂ ባች ሸሚዝ። ቀኑ አልፏል። ዲዛይኑ ልብሱን ከቀኑ ማላቀቅ አለበት።

ጉዳት። በመስኮት ፀሐይ እጥፉ ላይ የደበዘዘ፣ የመጋዘን እርጥበት ያሻገተው፣ ብል የነካው፣ ቁልፉ የጎደለ። ሻጋታ ያለበትን ለብቻው ለዩና ቀድማችሁ እጠቡት። ወደ ሌላው እንዳይጋባ።

ይህን ስትጨርሱ ክምሩ ይቀልላችኋል። አንድ የነበረው ክምር አራት ወይም አምስት ይሆናል። ለእያንዳንዱም መፍትሔው ግማሽ መንገድ ተሠርቷል።

2. ጨርቁን መፈተን

መለያው ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ። ከውስጥ ስፌት ላይ ጥቂት ክር ምዘዙ። በወረንጦ ያዙና የብረት ሳህን ላይ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ቶሎ ይነድዳል፤ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱ ልስልስና ግራጫ ነው። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ይሸበሸብና ይቀልጣል። ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ድብልቅ ከሆነ ሁለቱንም ታያላችሁ።

ይህን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? ጥጥ የሚቀበለውን ተራ ቀለም ፖሊስተር አይቀበልም። ጥጥ የሚችለውን የካውያ ሙቀትም ፖሊስተር አይችልም። ደግሞ ብዙዎች የማያስቡት አንድ ነገር አለ። ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ ቢሆንም የተሰፋበት ክር አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። ነጭ ሸሚዝ ሰማያዊ ብታቀልሙ ስፌቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ካወቃችሁት ያምራል፤ የዲዛይኑ አካል ይሆናል። ካላወቃችሁት ሃምሳ ሸሚዝ አቅልማችሁ ደንግጣችሁ ትቀመጣላችሁ።

ቀጥሎ ሲታጠብ መኮማተሩን ለኩ። ጨርቁ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር በ20 ሴንቲ ሜትር ካሬ በክር ምልክት አድርጉ። እጠቡት፣ አድርቁት፣ እንደገና ለኩት። 19 ከሆነ አምስት በመቶ ተኮማትሯል ማለት ነው። ሁለት የተለያዩ ጨርቆችን አንድ ላይ ልትሰፉ ከሆነ ሁለቱንም ቀድማችሁ ማጠብ ግዴታ ነው። አለዚያ ደንበኛው ቤት ሲታጠብ አንዱ ይኮማተራል፣ ሌላው ይነፋል።

ቀለም መልቀቁንም ፈትኑ። ነጭ ጨርቅ አርጥቡና ልብሱን ሃያ ጊዜ ያህል እሹበት። ነጩ ከተበከለ ያ ልብስ ከነጭ ጋር አይጣመርም።

በመጨረሻ ላስቲኩን ሳቡት። ብዙ ዓመት የተቀመጠ ላስቲክ ይደርቃል። ሲሳብ ከተንጫጫ ወይም ካልተመለሰ አውጥታችሁ በአዲስ ቀይሩት።

3. ሂሳቡ

የገዛችሁበት ዋጋ ከሂሳቡ ይውጣ። ያ ገንዘብ ወጥቷል። ጥያቄው «ይህን ልብስ ዛሬ እንዳለ በቅናሽ ብሸጠው ስንት ያወጣል?» ነው። የጥሬ ዕቃችሁ ዋጋ እሱ ነው።

ለምሳሌ ያህል እንያዝ። አንድ ሸሚዝ ዛሬ በ300 ብር ይወጣል እንበል። ለአንድ ቀሚስ ሁለት ሸሚዝ ከፈለጋችሁ 600 ብር ሆነ። ክርና ላስቲክ 60። ሁለት ሰዓት ተኩል የሰፊ ጉልበት፣ በሰዓት 120 ብር ብናስበው 300። ለኪራይና ለመብራት 100። ድምሩ 1,060 ብር ነው። ቀሚሱ በአካባቢያችሁ ከ1,400 ብር በላይ የማይሸጥ ከሆነ አትጀምሩት። ሸሚዞቹን በቅናሽ ሽጧቸውና ገንዘባችሁን አዙሩት። ይህን ስል ልቤ አይወድም፤ ልብስ መቀየር እወዳለሁ። ነገር ግን በቂ ትርፍ የሌለው ሥራ ሁለተኛ ዙር አይኖረውም።

የራሳችሁን ጉልበት በነጻ አታስቡ። ብዙ ጎበዝ ሰፊ የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

4. በትንሹ መቀየር

መሰላል አድርጋችሁ አስቡት። የመጀመሪያው ደረጃ ቁልፍ መቀየር ነው። ቀጥሎ ማሳጠር። ቀጥሎ ማቅለም። ቀጥሎ ከሌላ ልብስ ቁራጭ መጨመር። ከዚያ ሁለቱን ማጋጠም። የመጨረሻው ሙሉ በሙሉ ፈትቶ እንደ አዲስ መቁረጥ ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ሰዓቱ ይጨምራል። ችግሩን የሚፈታው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ቁሙ። ቀለሙ ብቻ ላልተወደደ ሸሚዝ መጨረሻው ደረጃ ላይ መውጣት አያስፈልግም።

5. አፈታት

ስፌት መፍቻ ግዙ። ምላጭ ርካሽ ነው፤ ግን ጨርቅም ጣትም ይበላል።

ተራውን ቀጥ ያለ ስፌት በአንድ በኩል በየአራት ወይም አምስት ጥልፉ ቁረጡ። ከዚያ ልብሱን ገልብጡና በሌላው በኩል ያለውን ክር ሳቡት። ሙሉ ሆኖ ይወጣል። የኦቨርሎክ ስፌት ላይ መርፌው የሰፋውን ቀጥ ያለ ክር ፈልጉ። እሱን እየቆረጣችሁ ስትስቡ ጠርዙን የጠቀለሉት ክሮች ራሳቸው ይለቃሉ። ጂንስ ላይ በአንድ ፊቱ ሰንሰለት የሚመስል ስፌት ታያላችሁ። እሱ ከመጨረሻው ጫፍ ከጀመራችሁት እንደ ቋጠሮ አይታገልም፤ አንድ ክር ስትስቡ ሙሉው ይተረተራል። ካልተተረተረ ከተሳሳተው ጫፍ ጀምራችኋል። ዞራችሁ ከሌላው ጀምሩ።

አንድ የወንድ ሸሚዝ ሙሉ በሙሉ መፍታት እኔን አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል። ስፌቱን ተጠግቶ መቁረጥ ግን አምስት ደቂቃ ነው። በየጎኑ አንድ ወይም አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ትከስራላችሁ። ጨርቅ ከተረፋችሁ ቁረጡ። ካልተረፋችሁ ፍቱ።

የተፈታ ጨርቅ የመርፌ ቀዳዳ ይታይበታል። በእርጥብ ጨርቅ ላይ በካውያ እንፋሎት ስጡት። ጥጥ ቀዳዳውን ይዘጋል። ቆዳና ሳቲን ግን አይዘጋም፤ እነሱን ስትሠሩ የድሮው ስፌት መስመር በአዲሱ ስፌት ውስጥ እንዲደበቅ አድርጉ።

6. ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ቀሚስ

በጣም ትልቅ ቁጥር የወንድ ሸሚዝ ለቀረባቸው ደጋግሜ የምመክረው ይህን ነው። ለምን ቀረ? ቁጥሩ። ስለዚህ ዲዛይኑ ስፋቱን ጥቅም ያደርገዋል።

ሁለት ተመሳሳይ ሸሚዝ ያዙ። አንዱን «ሀ»፣ ሌላውን «ለ» እንበላቸው። ዙሪያቸው 130 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመታቸው ከትከሻ 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው ብለን እንሥራ።

ሸሚዝ ሀን ቆልፋችሁ ዘርጉት። ከትከሻው ከፍተኛ ነጥብ 42 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ለኩና ዙሪያውን በጠመኔ አስምራችሁ ቁረጡ። የላይኛው ክፍል የቀሚሱ አካል ነው። ትከሻው ለሴት ይሰፋል፤ ግን እጅጌውን ሁለት ጊዜ ስትጠቀልሉት ያምራል። መስተካከል አለበት ካላችሁ እጅጌውን ፍቱና ትከሻውን በየጎኑ ሦስት ሴንቲ ሜትር አስገቡ። ኮሌታውን ከፈታችሁ ቋሚው ክፍል ብቻ ይቀራል። ያ ብቻውን የወንድ ሸሚዝነቱን ግማሽ ያጠፋዋል።

ሸሚዝ ለን ከብብቱ ሥር አግድም ቁረጡ። የታችኛው ክፍል የቀሚሱ ጉርድ ነው። የሸሚዙ ጫፍ ክብ ከሆነ ቀጥ አድርጉት። አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። 45 ሴንቲ ሜትር ይቀራችኋል።

አሁን ማጋጠም። ሀን በጎን ስፌቱ አጥብባችሁ ወገቡን 100 ሴንቲ ሜትር አድርሱት። የሸሚዝ ለን የላይኛውን ጠርዝ ሰፋ ባለ ስፌት ሁለት መስመር ሰፍታችሁ ክሩን ሳቡ። ተሸብሽቦ 100 ላይ ይመጣል። የፊት ቁልፍ መስመሮቹን አስተካክሉ። ቁልፎቹ በ9 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከተሰፉ በሀ መጨረሻ ቁልፍና በለ መጀመሪያ ቁልፍ መካከልም 9 እንዲሆን መገጣጠሚያውን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ። ተመሳሳይ ስቶክ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ቁልፉ ከአንገት እስከ ታች ያለ መዛነፍ ይወርዳል። ከሁለት የተለያዩ ሸሚዞች ይህን አታገኙም። ከመስፋታችሁ በፊት በእጅ ወስውሱት። የቁልፍ መስመሩ ላይ ጨርቁ ወፍራም ስለሚሆን ማሽኑን በእጃችሁ እያዞራችሁ አሳልፉት።

ርዝመቱ አሁን 85 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ለብዙ ሴት ያጥራል። የሸሚዝ ለ ሁለቱ እጅጌዎች ገና አልተነኩም። ክፈቷቸው፣ ተኩሷቸው። ከእያንዳንዱ 13 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 55 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ሁለት ቁራጮች ይወጣሉ። አራቱን ቀጥሏቸው። 220 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሸብሽባችሁ ከቀሚሱ ጫፍ ጋር ከፊት ጠርዝ እስከ ፊት ጠርዝ ስፉት። ቀሚሱ 95 ሴንቲ ሜትር ላይ ይደርሳል። እንደ ለባሿ ቁመት ጉልበት ላይ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል።

ከሸሚዝ ለ የላይኛው ጀርባ ቀበቶ ይወጣል። ከደረቱ ኪስ አንሱና የጎን ኪስ አድርጉት። የሚጣለው ኮሌታውና ጥቂት ቁርጥራጭ ብቻ ነው።

7. የሀበሻ ቀሚስ፦ ከበዓሉ ማላቀቅ

እዚህ ላይ እጃችሁ እንዲከብድ እፈልጋለሁ። ይህ ጨርቅ ማጉ (አግድም የሚገባው ክር) በእጅ የተፈተለ፣ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ሲወረውር የዋለበት ነው። በችኮላ የሚቆረጥ አይደለም።

የሸማ ጨርቅ ልል ስለሆነ ስትቆርጡት ይተረተራል። መቁረጥ በምትፈልጉበት መስመር ግራና ቀኝ፣ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በደቃቅ ስፌት አንድ አንድ መስመር ስፉ። ከዚያ በመካከላቸው ቁረጡ። ሁለቱም ጠርዝ ታስሯል ማለት ነው። የስፌት ትርፉ ለሸሚዝ ከምትተዉት እጥፍ ይሁን፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ብዙ ጊዜ ድሩ (የቁመቱ ክር) የፋብሪካ ክር ስለሆነ ከማጉ ይጠነክራል። ክብደት የሚሸከመው አቅጣጫ፣ ለምሳሌ ከትከሻ ወደ ታች ያለው፣ በድሩ በኩል እንዲሆን አድርጉ። ጥበቡ ላይ ወርቀዘቦ ካለ ካውያውን ቀዝቀዝ አድርጉና በላዩ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ተኩሱ።

አሁን ጥያቄው ይመለስ። ይህ ቀሚስ ለምን ቀረ? በዓሉ ስላለፈና ቁጥሩ ለገዢ ስላልሆነ። ስለዚህ በአዘቦት ቀን ከጂንስ ላይ የሚደረብ፣ ለብዙ ቁጥር የሚሆን ነገር ያስፈልጋል። ከፊት የተከፈተ ረጅም ደራቢ።

ብዙዎች ይህን ሲሠሩ ቀሚሱን ከፊት መሐል ለመሐል ይሰነጥቁታል። ከፊት ደግሞ ጥበቡ አለ፤ ብዙ ጊዜም መስቀል። መስቀሉ ለሁለት ይቆረጣል። ይህን አታድርጉ። ለብዙ ደንበኞቻችን መስቀል ጌጥ ብቻ አይደለም። መፍትሔው ቀሚሱን ማዞር ነው። ጀርባውን ፊት አድርጉት። የጀርባውን ዚፕ አውጥታችሁ እዚያው መሐል ላይ እስከ ታች ክፈቱት። ጥበቡ ሙሉ ሆኖ ጀርባ ላይ ይወርዳል። ሰው ሲሄድ ከኋላ የሚታይ ጥበብ እጅግ ያምራል።

አንገቱ ግን ይገለበጣል። ከፊት ከፍ ይላል፣ ከኋላ ዝቅ ይላል። የፊቱን ከሰባት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ አዲስ ቅረጹ። የኋላው ብዙ ከወረደ አብሮት ከሚሸጠው ነጠላ ቁራጭ ወስዳችሁ ሙሉት። የተከፈተውን ጠርዝ ከዚሁ ነጠላ ወይም ከመቀነቱ በተቆረጠ አራት ሴንቲ ሜትር ማሰሪያ ክፈፉት። ቀለሙ ከራሱ ጨርቅ የመጣ ስለሆነ ይስማማል።

ይህ ዘዴ የሚሆነው ሰፋ ብሎ ለተሰፋ ቀሚስ ነው። ጡት ላይ ተቀንሶ ሰውነት ላይ የተጣበቀ ቀሚስ ሲገለበጥ ቅርጹ ይበላሻል። እሱን ወገቡ ላይ ቁረጡና ታችኛውን ጉርድ አድርጉት። የላይኛውን ጥበብ በጥንቃቄ አንሱና ግልጥ ሸሚዝ ወይም ጂንስ ጃኬት ላይ ስፉት። ጥበቡን የምትሰፉበት ቦታ ላይም አስቡ። መስቀል ያለበት ጥበብ ሱሪ መቀመጫ ላይ፣ ጫማ ላይ፣ መርገጫ ላይ አይሰፋም።

8. ጂንስና ቲሸርት

እግሩ የተጣበቀ ጂንስን በጎኑ ክፈቱት። አብዛኛው ጂንስ የውስጥ እግሩ በድርብ የታጠፈ ስለሆነ ለመፍታት ያስቸግራል። የውጭ ጎኑ ይቀላል። ከሌላ ጂንስ የተቆረጠ ባለ ስምንት ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ከወገብ እስከ ታች አስገቡ። ቀለሙ ትንሽ ቢለይ ይመረጣል፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። ወገቡንም አብራችሁ መክፈት እንዳትረሱ። መርፌው 100 ቁጥር ይሁን። ወፍራሙን መገጣጠሚያ ከመስፋታችሁ በፊት በመዶሻ ቀጥቅጡት።

ዓመተ ምሕረት የታተመበት ቲሸርት ጀርባው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የሁለት የተለያየ ቀለም ቲሸርቶችን ጀርባ ወስዳችሁ አንዱን ፊት፣ ሌላውን ኋላ አድርጉ። ለቲሸርት ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ ተጠቀሙ፤ ተራው መርፌ ጨርቁን ይበሳዋል። የታተመበትን ፊት በሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ቁረጡትና ጫፍና ጫፉን ሳቡት። ራሱን ይጠቀልላል። ለኪሮሽ ሥራ ወፍራም ክር ይሆናል።

9. ናሙናው

የመጀመሪያውን አንድ ብቻ ሥሩ። ሃምሳውን አትቁረጡ። ናሙናውን ሰው ይልበሰው። ይቀመጥበት፣ እጁን ወደ ላይ ያንሳ፣ ታክሲ ውስጥ ይግባ ይውጣ። ሦስት ጊዜ እጠቡት። መገጣጠሚያው ከተሳበ፣ ቀለሙ ከተጋባ፣ ሽብሽቡ ከተዛባ አሁን ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ አሥራ ሁለት ጉርድ ሰፍቼ ገበሩ በመጀመሪያው ውኃ ተኮማትሮ ከሥር ወደ ላይ ሰበሰባቸው። አሥራ ሁለቱንም ፈትቼ ነበር።

ናሙናው ካለፈ ቅዱን በወፍራም ካርቶን አውጡ። ካርቶኑ ላይ የት እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ። ከዚያ በሥራ ዓይነት ሂዱ። መጀመሪያ ሁሉንም ቁረጡ። ቀጥሎ ሁሉንም ሸብሽቡ። ቀጥሎ ሁሉንም አጋጥሙ። እንዲህ ሲሠራ አምስተኛው ልብስ ላይ እጃችሁ ይፈጥናል።

10. ሽያጩ

የሌላ ድርጅት ስም የተጻፈበትን የአንገት መለያ አንሱ። ልብሱን ቀይራችሁታል፤ በእነሱ ስም መሸጥ ተገቢ አይደለም፣ በንግድ ምልክት ሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል። የጨርቁን ዓይነትና አስተጣጠቡን የሚናገረውን መለያ ግን መልሳችሁ ስፉት።

ደንበኛ «ከድሮ ልብስ የተሠራ» ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮው የሚመጣው ሰልባጅ ነው። ስለዚህ በግልጽ ንገሩት። «ተለብሶ አያውቅም፤ ሳይሸጥ የቀረ አዲስ ልብስ ነበር» በሉት። ከመቀየሩ በፊትና በኋላ የተነሳውን ፎቶ ጎን ለጎን አሳዩት። እኔ ዘንድ ሁለቱን ፎቶ አይቶ ያልተገረመ ደንበኛ ጥቂት ነው። ሲገረም ደግሞ ዋጋ ላይ ብዙ አይከራከርም።

በኡጋንዳ፣ ካምፓላ ያለው ቡዚጋሂል የተባለ የዲዛይነር ቦቢ ኮላዴ የልብስ ድርጅት ከሀብታም አገሮች የመጣ ልባሽ ልብስ ፈትቶ፣ አዲስ ዲዛይን አድርጎ ወደመጣበት አገር መልሶ ይሸጣል። የልብሱን ታሪክ አይደብቅም፤ የሚሸጠው ታሪኩንም ጭምር ነው።

ዙሩ ሲያልቅ የመጀመሪያውን ቀን ደብተር አውጡ። «ለምን ቀረ?» የሚለውን ዓምድ ደምሩ። ስንቱ በቁጥር፣ ስንቱ በቀለም፣ ስንቱ በወቅት እንደቀረ ታያላችሁ። ነሐሴ ላይ ለመስከረም ዕቃ ልታዝዙ ስትሄዱ ያንን ገጽ ይዛችሁ ሂዱ።